አልገጥም ያሉ በሮች

ግንቦት 26 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፤

ሰላምታዬ ከዚህ ተነስቶ አንተ ዘንድ እስኪደርስ አስራ አንድ ቀን እንደሚፈጅበት አውቃለሁና፣ በደረሰህ ቀን ደህና ሆነህ ያግኝህ። እኛ በሕይወት አለን። «ደህና ነን» ብዬ ግን አልጽፍም፤ ለምን እንደሆነ ከታች ታገኘዋለህ።

አባባ በዚህ ዕድሜው ምን ሥራ በዛበት ብለህ ለጠየቅከኝ፣ በር እየላገ ነው። የሰው ሁሉ በር አልዘጋ ብሏል። መጀመሪያ የኛ የጓዳው በር ከመቃኑ ጋር ተናከሰ፣ ቀጥሎ የንብ አናቢው ጎረቤታችን፣ ከዚያ የኔ መማሪያ ክፍል። አባባ መላጊያውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ከቤት ቤት ይዞራል። «እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ነው» ይላል። የዘጠኙንም ቤት በር የሠራው እሱ ስለሆነ፣ በሩ አልገጥም ሲል የእጁ ሥራ የተነቀፈ ይመስለዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አይደል የሚባለው? የላገው በር በሳምንቱ ተመልሶ ይነክሳል፤ እሱም ተመልሶ ይልገዋል።

የተንቀሳቀሰው በሩ አይደለም፤ ተራራው ነው። ከመንደሩ በላይ፣ ከግጦሹ ጫፍ እስከ ምንጩ ድረስ መሬቱ ተሰንጥቋል። በሚያዝያ ስንጥቁ እጄን ብቻ ያስገባ ነበር። ዛሬ ከተማሪዎቼ አንዷ ብትወድቅበት እስከ ወገቧ ይውጣታል። ሁለት ባለሙያዎች መጥተው ችካል ተከሉ፣ ለኩ፣ «ዝናቡ ሳይበረታ ውጡ» ብለው ሄዱ። ወዴት እንደምንወጣ አልነገሩንም። የታችኛው መንደር ሰዎች «እኛም የእናንተው ጭቃ መውረጃ ላይ ነን» ብለው ዕቃቸውን እየጫኑ ነው። ያለው ቦታ ከገደሉ ማዶ ብቻ ነው። የማዶ ሰዎች ራሳቸው ልከው፣ «ኑ፣ የእህል ማከማቻዎቻችንን ባዶ አድርገን እንሰጣችኋለን» ብለዋል።

ማዶ ሲባል አባባ ምን እንደሚል አንተው ገምተው። እማማ ስትሞት አራት ዓመትህ ነበርና አታስታውሰውም። በምንጩ ጠብ የተነሳ የማዶ ሰዎች የገደሉን ድልድይ ቆርጠው ጥለውት ነበር። እማማ ምጥ ይዟት በዙሪያው መንገድ ስንወስዳት ነው ከነልጇ መንገድ ላይ የቀረችው። ድልድዩ ተመልሶ ከተሠራ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። አባባ አንድም ቀን አልተሻገረውም። «በቁሜ ማዶን አልረግጥም» ነው የሚለው።

ስለዚህ ና። ሌላ የምልህ የለኝም። እኔ ስናገር «እሺ አስተማሪዋ» ብሎ ይስቅብኛል። ያንተን ቃል ግን ይሰማል። አንድ ቀን ብቻ መጥተህ «ተነስ አባባ» በለው።

እህትህ

ደግሞስ ምነው በእርሳስ መጻፍ ጀመርክ? ጽሑፍህም መስመር ስቶ ሽቅብ ይወጣል።


ሰኔ 8 ቀን

ይድረስ ለእታለም፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ ስንጥቁ ጋ ስደርስ ቆምኩ።

መምጣቱ አይሆንልኝም፤ አትቀየሚኝ። ሕንፃው አራተኛ ፎቅ ደርሷል፤ አሁን አንድ ግንበኛ ጎደለ ማለት ሁሉም ቆመ ማለት ነው። የሥራ ኃላፊያችን ደግሞ ፈቃድ ሲጠየቅ ጥርሱን እንደሚያመው ሰው ፊቱን የሚያኮማትር ነው። ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።

እስከዚያው ግን ውሃው ስንጥቁ ውስጥ እንዳይገባ ከላይ ቦይ ቅደዱ፤ ወደ ገደሉ እንዲወርድ አዙሩት። መሬት የሚገድለው የጠጣው ውሃ ነው። እኔ ብኖር በሁለት ቀን እቀደው ነበር። እኔ ብኖር።

እርሳሱን ለጠየቅሽኝ፣ እስክሪብቶዬን አንዱ ተውሶ በዚያው ቀረ። መስመሩ ሽቅብ የሚወጣው ሐሳቤ ከፍ ከፍ እያለ ነው በይ።

ለአባባ ይህን አንብቢለት፦ «አባባ፣ በር የሚላገው እንጨቱ ሲያብጥ ነው። የዘጠኝ ቤት በር ባንድ ላይ አያብጥም። ይህን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። እባክህ ተነስ።»

ታናሽ ወንድምሽ


ሰኔ 26 ቀን

ወንድሜ፤

ቦዩን ቀደድነው። ሰባት ሆነን አራት ቀን ፈጀብን። በአምስተኛው ቀን የጣለው ዝናብ በአንድ ከሰዓት በኋላ ደልድሎ ደፈነው።

አራት ቤት ሰው ወደ ማዶ ተሻግሯል። ትምህርት ቤት ከአስራ ሁለት ልጆች አምስት ቀርተውኛል፤ የሚማሩትም ጣሪያውን እያዩ ነው። ለአባባ የጻፍክለትን አነበብኩለት። «ልጄ ጎበዝ ነው» አለ። ከዚያ መላጊያውን አንስቶ ወጣ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ደብዳቤህን ያመጣልኝ የታችኛው መንደር ፖስተኛ ነው። ሰውዬው ፖስታ ሲሰጥ ፊትና ጀርባውን ሳያነብ አይሰጥም፤ ታውቀዋለህ። «ወንድምሽ ሆስፒታል ሥራ ያዘ እንዴ?» አለኝ። ማኅተሙን አየሁት። የሆስፒታል ነው። ቤት ሄጄ የግንቦቱን ደብዳቤህን አወጣሁት፤ እሱም ላይ አለ። እስካሁን ያላየሁት እኔ ነኝ።

እስክሪብቶ የተዋሰህ ማነው? ከግንቦት ጀምሮ የት ነው ያለኸው? የሚያጽናናኝን አልጠየቅኩህም። እውነቱን ጻፍልኝ።

እህትህ


ሐምሌ 8 ቀን

እታለም፤

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የኔው ግን ቀስ እያለ እንኳ አልቀለለም፤ ባንድ ማኅተም አለቀ።

በሚያዝያ መጨረሻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የቆምንበት ርብራብ ተሰበረ። ሁለት ነበርን። ጓደኛዬ ብረት ይዞ ተንጠለጠለ፤ እኔ የያዝኩት ባልዲ ነበር። ከወገቤ በታች ያለው አካሌ አለ፣ አየዋለሁ፣ ግን አይሰማኝም። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው። ደግ ስለሆነ አልጋዬ ላይ ተቀምጦ ዓይን ዓይኔን እያየ «ተመልሶ አይሄድም» አለኝ። ተሽከርካሪ ወንበር ይሰጡኛል። በእጄ እየገፋሁ እሄዳለሁ፤ እጄ ደህና ነው፣ የግንበኛ እጅ ነው።

እርሳሱም ለዚሁ ነው። የምጽፈው በጀርባዬ ተኝቼ፣ ወረቀቱን ከፊቴ ከፍ አድርጌ ነው። እስክሪብቶ ሽቅብ ሲይዙት ቀለሙ አይወርድም። እርሳስ ግን እንዴትም ብትይዢው ይታዘዛል።

ብቻዬን አይደለሁም። ጎኔ የተኛው የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ እግሩን በጀሶ አስረውታል። ቀኑን ሙሉ በመስኮቱ ሥር የሚያልፉትን አውቶቡሶች በድምፃቸው ይለያል። «ያቺ ሦስተኛ ማርሿ ታሟል፤ መተኛት ያለብን እኛ ነን ወይስ እሷ?» ይላል። ታድያ አንዳንዴ እስቃለሁ።

ያልነገርኩሽ አንቺን ንቄ አይደለም። አንቺ ከራስሽ በላይ ተራራ ተሸክመሽ እኔ ደግሞ ልጨመርብሽ? ለአባባ ግን በእማማ አጥንት ይዤሻለሁ፣ እንዳትነግሪው። እኔ እዚህ ተጋድሜ ስንጥቁ ስንት እንደሰፋ እያሰብኩ ጣሪያ እቆጥራለሁ። ከመጻፍ በቀር የማደርግልሽ ነገር የለኝም፤ እሱም አስራ አንድ ቀን ዘግይቶ ነው የሚደርስሽ።

ወንድምሽ


ሐምሌ 25 ቀን

ወንድምዬ፣ ዓለሜ፤

እንዴት ብዬ ልጀምር? አንድ ቀን ሙሉ ደብዳቤህን ጉያዬ ውስጥ ደብቄ ዋልኩ። በማግስቱ አባባ «የልጄ ወረቀት መጥቷል አሉ፤ አንብቢልኝ» አለ። አነበብኩለት። ማለቴ፣ ያልጻፍከውን አነበብኩለት። «አምስተኛ ፎቅ ደረስን፣ ሥራ በዝቷል፣ ጤና ነኝ» እያልኩ።

አባባ ፊደል ባይቆጥርም ልጆቹን ያውቃል። «ልጄ» አለኝ፣ «ወረቀቱ እስከ ታች ድረስ ተጽፎበታል። ያንቺ ዓይን ግን አንድ ቦታ ቆሞ ነው የጨረስሽው።»

ነገርኩት። በእማማ አጥንት ይዘኸኝ ሳለ ነገርኩት። ይቅር በለኝ።

አላለቀሰም። ወጥቶ የእንጨት መሥሪያው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ያን ቀን የመላጊያ ድምፅ አልተሰማም። በማግስቱ ጠዋት ስነሳ መለኪያውን ይዞ የቤታችንን በር ሲለካ አገኘሁት።

«በወንበር ነው የሚሄደው?» አለኝ።

«አዎ፣ አባባ።»

«በዚህ በር አያልፍም።» ወደ ጓዳው ሄዶ ለካ። «በዚህም አያልፍም። የሠራኋቸው በሮች ሁሉ ጠባብ ናቸው። ሁሉንም በቆመ ሰው ልክ ነው የሠራኋቸው።»

መለኪያውን አጥፎ «ማዶ መሬቱ ሜዳ ነው፣ አይደል?» አለ።

«ሜዳ ነው።»

«ወንበር ይሄድበታል?»

«ይሄድበታል።»

በቃ። ተራራው ያላስነሳውን ሰውዬ አንተ አስነሳኸው። መጋዙንና መላጊያውን በጆንያ አድርጎ ድልድዩን ተሻገረ፤ መሐሉ ላይ ሲደርስ ብቻ ቆም አለ፣ ወደ ታች አላየም። ማዶ ጫፍ ላይ የጠበቀችን የእነሱ አዋላጅ ናት። ድልድዩን ከቆረጡት ሰዎች የአንዱ ልጅ መሆኗን እሷ አትናገርም፤ ሁላችንም ግን እናውቃለን። «እንኳን ደህና መጡ፣ አባቴ» አለችው።

«ለኔ ብዬ አይደለም» አላት። «ልጄ ስለሚመጣ ነው።»

«ይምጣ» አለች። «እሱም ይምጣ።»

አሁን የቀድሞ እህል ማከማቻ ውስጥ ነን። ግድግዳው ወፍራም ነው፣ መስኮት የለውም፤ ዝናብ ግን አያስገባም። አባባ ከጎኑ ላንተ አንድ ክፍል ሊቀጥል ተነስቷል። የማዶ ጎልማሶች ጭቃ እያቦኩለት ነው፤ እሱም ባያናግራቸውም ይሰድባቸዋል፤ ይህም ትልቅ እርቅ ነው። «በሩን ሳላውቅ ግድግዳ አላቆምም» ብሎ ሥራውን አቁሞ የሚጠብቀው ያንተን መልስ ነው። የወንበሩ ስፋት ስንት ነው? ቶሎ ጻፍልን።

እህትህ


ነሐሴ 6 ቀን

ለእታለም እና ለአባባ፤ ለሁለታችሁም ነው የምጽፈው፣ ከእንግዲህ ምንም ሳትዘይ አንብቢለት።

ነግረሽው ስታበቂ ይቅርታ ትጠይቂኛለሽ! እኔ ይኸው በሦስት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳዬን ጨርሼ በላሁ። ማዶ ናችሁ። ደብዳቤሽን ለሹፌሩ ጮክ ብዬ ሳነብለት እሱም «ተሻገሩ?» ብሎ አጨበጨበ፤ ነርሷ ተቆጣችን።

አባባ፣ ወንበሩን ትናንት አመጡት። ሹፌሩ በክራንቹ ተደግፎ በሐኪሙ ሜትር ለካልኝ፤ ከጎማ ጎማ ስልሳ አራት ሴንቲሜትር። ጎማውን የምገፋው ከውጭ ስለሆነ ለጣቶቼ በየጎኑ አንድ አንድ ጋት ጨምርበት፣ አለዚያ መቃንህ ቆዳዬን ይልገዋል። ደፍ አታድርግበት። እጀታውንም ዝቅ አድርገው፤ ከእንግዲህ ቁመቴ የልጅነቴ ቁመት ነው።

እንጨቱን ደግሞ እኔ ልምረጥ። ቆጡ ላይ ያስቀመጥካት ያቺ ሰፊ ሳንቃ አለች አይደል? «ለሠርግህ አልጋ ናት» እያልክ ማንንም አታስነካም ነበር። አሁን ሠርግም አልጋም ቀርቷል፤ በር ትሁነኝ። ጠዋት ጠዋት እየከፈትኳት እወጣለሁ።

እያሰብኩት ነው፣ አባባ። ከተኛሁ ወዲህ ነገን ሳስብ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ልጅህ፣ ወንድምሽ


ነሐሴ 22 ቀን

ወንድሜ፤

ይህን ስታነብ ሹፌሩ አጠገብህ ይሁን። ካልሆነ እስኪመጣ ጠብቀው።

ነሐሴ 18፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ተራራው ወረደ። ሦስት ቀን ዝናብ አልነበረም፤ ፀሐይ ነበር፤ ሁላችንም ያለፈልን መስሎን ነበር። ዘጠኙም ቤት የለም። ትምህርት ቤቱ የለም። የታችኛው መንደር ግማሹ የለም፤ ሰዎቹ ቀድመው ስለወጡ ግን ተርፈዋል።

ሰው ሁሉ ማዶ ነበር። አባባ ብቻ ጠዋት ተመልሶ ሄዶ ነበር፤ ለምን እንደሄደ ለማንም አልተናገረም። እኔ ልጆቹን እያስተማርኩ ነበር። ቤት ውስጥ ሳለ ነው የደረሰበት፤ ሐኪም ቢያየውም «በቅጽበት ነው» የሚለው ዓይነት ነው፤ አልተሰቃየም። የማዶ ሰዎች ያዩበትን ቦታ ይዘው አራት ቀን ቆፈሩ። ትናንት አገኙት። ማዶ ቀብረነዋል፤ ሌላ መሬት የለንም።

ማልቀስ ካቃተህ አትጨነቅ። እኔንም አቅቶኛል።

እህትህ


ጳጉሜ 4 ቀን

እታለም፤

ሹፌሩ አጠገቤ ነበር። እሱ ነው ያነበበልኝ፤ እኔ ከመጀመሪያው መስመር አላለፍኩም።

አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሻለሁ። «ቤት ውስጥ ሳለ ነው» ብለሻል። ቀጥለሽ «ያዩበትን ቦታ» ብለሻል። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ከማዶ እንዴት ይታያል?

ነሐሴ 6 የጻፍኩት ደብዳቤ መቼ ደረሰ? እኔ ቀኑን ቆጥሬዋለሁ፤ ነሐሴ አሥራ ሰባት ይመጣል። ምናልባት ዘግይቶ ይሆናል። ዘግይቶ ነበር በይኝ። ውሸት ከሆነ ግን አትበዪኝ። እኔ ልጠብቅሽ ብዬ ሁለት ወር ዋሸሁሽ፤ ምን እንዳተረፍን አይተሻል።

ወንድምሽ


መስከረም 12 ቀን

ወንድሜ፤

ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ይህ አራተኛው ነው።

ደብዳቤህ ነሐሴ 17 ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ሳንቃዋ ጋ ስደርስ ዓይኔ ቀድሞ አይቷት ነበር፤ ልዘላት እችል ነበር። ግን ባለፈው ዘልዬ ተይዣለሁ፤ አንተም «ምንም ሳትዘይ» ብለሃል፤ እሱም ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ዓይኔን እየተከተለ ነበር። አነበብኳት። ሲሰማ ሳቀ። «አልረሳትም?» አለ። «አልረሳትም እንዴ!» ደግሜ እንዳነብለት ጠየቀኝ፤ ደግሜ አነበብኩለት።

«ነገ ሰው ልከን እናስመጣታለን» አልኩት። «እሺ» አለኝ። ጠዋት እኔ ልጆቹ ጋ ስገባ ለአዋላጇ «ቶሎ እመለሳለሁ» ብሏት ድልድዩን ተሻገረ።

ከቤት ወጥቶ ነበር። ሳንቃዋን ተሸክሞ ቁልቁለቱን ጨርሶ፣ ለድልድዩ አርባ እርምጃ ያህል ሲቀረው ነው ከላይ ድምፁ የተሰማው። ማዶ ጭቃ የሚያቦኩት ጎልማሶች ሁሉ አዩት። «ይጣሏት! አባባ፣ ይጣሏት!» ብለው ጮኹ። አዋላጇ ድልድዩ ላይ ሮጣ ገብታ ነበር፤ ባሏ ነው ይዞ ያስቀራት። አባባ ሰምቷቸዋል፤ ቀና ብሎ አይቷቸዋል ይላሉ። ሳንቃዋን ግን አልጣላትም። ከሥሯ ነው ያገኙት።

«እኔ ባልጽፍላቸው» እያልክ ነው። እኔ ደግሞ «ባላነብለት» እያልኩ ነው። አዋላጇ ደግሞ እዚህ ቁጭ ብላ «ቶሎ እመለሳለሁ ሲለኝ ብከተለው» ትላለች። የፈለግኸው እውነት ይህ ነው፤ ለምን እንደሰጠሁህ አላውቅም። ከብዶኝ ነው መሰል።

አንተን ለማምጣት የመኪናው መንገድ ተቆርጧል፤ ፖስተኛውም በእግሩ ነው የሚያልፈው፤ ከሚቀጥለው በጋ በፊት አይጠገንም ይላሉ። እኔ ልምጣ እንዳልል አስራ ሰባት ልጆች፣ የኛም የማዶም፣ እዚህ ማከማቻ ውስጥ እየጠበቁኝ ነው። ምን ልሁን? ንገረኝ።

እህትህ


መስከረም 24 ቀን

እታለም፤

«ምን ልሁን?» ብለሻል። ልጆቹን አስተምሪያቸው። ሌላ አይመጣልኝም።

ደብዳቤሽን ብቻዬን አነበብኩት፤ እስከ ታች ድረስ፣ ምንም ሳልዘል። ስጨርስ ፊቴን ወደ ግድግዳው ማዞር ፈለግኩ። ሰው ሲያለቅስ ፊቱን ያዞራል አይደል? እኔ ግን ሰው ካላገላበጠኝ በራሴ መገልበጥ አልችልም። ክፍሉ ሙሉ ሰው ነበር፤ የጠያቂ ሰዓት ነበር፤ ልጆችም ነበሩ። ጣሪያውን እያየሁ ጥቂት ታገልኩ፤ ከዚያ ሹፌሩን ጠራሁት።

«አዙረኝ» አልኩት።

ክራንቹን አስደግፎ፣ አንድ እጁን ከትከሻዬ፣ አንዱን ከወገቤ ሥር አስገብቶ ቀስ ብሎ አዞረኝ። ብርድ ልብሱን እስከ አንገቴ ሳበልኝ። ከዚያ ወንበር ስቦ ከጀርባዬ ተቀመጠ፤ ስጨርስ መልሶ እስኪያዞረኝ ድረስ።

ወንድምሽ